ዐርባ አንድ ቁጥር

ስሙ ደብር ይመስላል፤ ደብረጼን ይሉታል፤
ተራራ ግን የለውም፤ ሜዳው ሰማይ ነክቷል።
ቢጫው ትራም ሲያልፍ መስኮቴ ይንቀጠቀጣል፣
ከፋርማሲው ጭስ ማውጫ ላይ ሽመላ እግሩን አጥፎ ቆሟል።

እኔ ሁለተኛ ፎቅ ተረከዝ እቆጥራለሁ፤
የአገሩን አራስ ልጅ በተረከዙ አውቀዋለሁ።
ተረከዝ ስል ደም ነው፤ አንዲት ጠብታ በወረቀት፣
የሦስት ቀን ሕፃን ተወግቶ ያለቀሰባት፤
ደርቃ፣ በፖስታ መጥታ፣ የዝገት መልክ ይዛ፣
ስም፣ ክብደት፣ የእናት ስልክ በጎኗ አርግዛ።
እበሳታለሁ፤ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ፤
ማሽኑ ይጠጣታል፤ የኔ ሥራ መስመሩን ማንበብ።

መስመሩ ብዙ ጊዜ ዝም ያለ ሜዳ ነው፣
ልክ እንደ ከተማው፣ አቀበት የሌለው።
ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣
ከሜዳው መሃል ተራራ በቀለ፤ አየሁት ብቻዬን።
ደገምኩት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
ደብሩ አልተናደም፤ እንደቆመ ነው ከፊቴ።
ፌኒልአላኒን ይባላል፤ ለሌላው ሥጋና አጥንት፣
ለዚህ ልጅ ግን ቀስ ብሎ አእምሮ የሚበላ እሳት።

እስኪነጋ ጠብቄ ደወልኩ። ናዱድቫር ነው መንደሩ።
ሎሪንጽ ልጁ፤ ቦግላርካ እናቱ።
«ደህና ነው» አለችኝ በደስታ፣ «ይጠባል በሰዓቱ፤
ጉንጩን ብታየው!»
በየትኛው ግሥ ይነገራል? ሃያ ዓመት የለፋሁበት
ሃንጋሪኛ ከዳኝ። «ዛሬውኑ ይዘሽው ነይ» ብዬ ዘጋሁት።

*

አሁን ምድር ቤት ልውረድ። ከእግሬ ሥር ነው ያለው፤
ወጣት ሳለሁ እዚያ ነበር እንጀራዬን የማገኘው።
ነጭ አይጦች፣ ቀይ ዐይኖች፣ በቁጥር የሚጠሩ፤
«ስም ካወጣህለት» ይል ነበር ጋሽፓር፣ «ይበላሻል ነገሩ፤
እጅህ ይርዳል፣ ሚዛኑም ካንተ ጋር ይርዳል።»
ጋሽፓር ክፉ ሰው አይደለም፤ ለውሻው ሾርባ ይሠራል።

ለዚሁ ደዌ የታሰበ ነጭ ዱቄት ነበር፤ ስም ያልወጣለት፣
እሱም እንደ አይጦቹ በቁጥር የምንጠራት…
ተሳሳትኩ፤ የምንጠራው። ሌሊት ስጽፍ ጾታ ይጠፋኛል።
ከአንድ እስከ ዐሥር ውሃ ብቻ፤ ከዚያ በጥቂቱ፣ ከዚያ ጨመር፤
ዐርባ አንድ የመጨረሻው ረድፍ መጀመሪያ ነበር።
ጠዋት ጠዋት ጓንቴን ያሸታል። ጆሮው ጫፍ ላይ ጭረት አለው።
ሃያ ሰባት ቀን እንዲያው ጻፍኩ፦ «ጤናማ ነው።»
በሃያ ስምንተኛው ጋዙ ተከፈተ። ጉበቱን መዘንኩ፤
ከብዷል፤ ቢጫ ነጥብ አለው። «እዚህ ላይ ይቁም» ብዬ ፈረምኩ።

ያ ነው ጣሪያው። ያ ቁጥር ወርዶ፣ ተካፍሎ፣ ተካፍሎ፣
ዛሬ በሎሪንጽ ጠርሙስ ላይ ተጽፏል፣ ጠብታ አክሎ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ ፎቅ እንዲያዛውሩኝ ጠየቅሁ፤
ምክንያት ሲሉኝ «ደረጃ መውጣት ለጤና ጥሩ ነው» ብዬ ሳቅሁ።
በዚያው ቅዳሜ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ሰልፈኞች ቆመው ነበር፦
«ሽቶም መድኃኒትም በእንስሳ አይሞከር!»
አንዷ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ፤ አልጣልኩትም፤
አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አልተስማማሁም፤ አልተከራከርኩም።

*

እኔ ከደም እንጂ ከሰው አልገናኝም ለወትሮው፤
ቦግላርካ ግን በሩን ስታ ገባች፣ ልጁን በደረቷ ታቅፋው።
ተረከዙን ያየሁት ያኔ ነው፤ ፕላስተር የተለጠፈበት፣
አውራ ጣቴን የማያህል፤ ይሞቅም ይሆናል ምናልባት።
ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ «ተሞክሯል?» አለችኝ።
«አዎ።» «በማን?» «በአይጥ።» ዝም ብላ አየችኝ።
«ስም ነበረው?»

«የለም» አልኳት፣ «ስም አይሰጥም፤ ደንብ ነው።»
ልጁ አዛጋ። ትራሙ አለፈ። መስኮቱ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ።

ነበረው።
ለጋሽፓር አልነገርኩትም፤ ለእሷም፤ እዚህም አልጽፈውም።